የትኛውን ወግ ላጥብቅ?

ባለፈው እሑድ ልጄ ቡና አፈላችልኝ። አቦሉን ጠጥታ ሲኒዋን እንዳስቀመጠች ብድግ ብላ ጫማዋን መፈለግ ጀመረች። «ኧረ ቶናውስ? በረካውስ?» አልኳት። «አባዬ፣ ሰው ቀጥሬያለሁ። ደግሞ ሦስቱንም የመጠጣት ግዴታ አለብን እንዴ?» አለችና ሣቀች። በሩ ላይ ስትደርስ ዞር ብላ፣ «አንተ ኮ በቃ ወግ አጥባቂ ነህ!» ብላኝ ውልቅ!

እኔም ከጀበናው ጋር ብቻዬን ቀረሁ። ቶናውን ለራሴ ቀድቼ ያቺን ቃል ሳላምጥ ቆየሁ። መቼስ ስድብ አይደለችም፤ ሹመትም አይደለችም። ሬዲዮ እየሰማሁ ባደግሁበት ዘመን «ወግ አጥባቂ» የሚባሉት እንግሊዞች ነበሩ። «የብሪታንያው ወግ አጥባቂ ፓርቲ…» ሲባል ባርኔጣ የደፉ፣ ጃንጥላ የያዙ ሽማግሌዎች ይታዩኝ ነበር። በእኛ አገር «ወግ አጥባቂ ነኝና ምረጡኝ» ብሎ ደጃፌ የመጣ ተወዳዳሪ እስካሁን አላጋጠመኝም። የሚመጡት ሁሉ ለውጥ ተሸክመው ነው የሚመጡት።

ቃሉን ላስተዋለው ሰው ግን ደስ የሚል ቃል ነው። ወግ ማለት ልማድ ነው፣ ሥርዓት ነው። «ለወግ ለማዕረግ ያብቃሽ» ሲባል ምርቃት ነው። ደግሞም ወግ ማለት ጨዋታ ነው፤ ቡና ላይ፣ ለቅሶ ቤት፣ ታክሲ ሰልፍ ላይ የሚወጋው። እንግዲያው ወግ አጥባቂ ማለት ልማዱም ጨዋታውም እንዳይበተን የሚይዝ ሰው ነው ማለት ነው። እንዲህ ከተፈታ፣ እሺ፣ ነኝ። ችግሩ ሌላ ነው። የትኛውን ወግ?

*

የእንግሊዙ ወግ አጥባቂ ዕድለኛ ነው። የሚያጠብቀው ነገር ከፊቱ ተቀምጦለታል። ዙፋኑ አለ፣ ፓርላማው አለ፣ አያቱ የተማረበት ትምህርት ቤት በያኔው ስሙ አለ። የዚህ አስተሳሰብ አባት የሚባለው ኤድመንድ በርክ የፈረንሣይን አብዮት የተቸበትን መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ1790 ሲያሳትም የፈረንሣዩ ንጉሥ ገና በሕይወት ነበሩ፤ አንገታቸው የተቀላው በ1793 መጀመሪያ ላይ ነው። ይኸው በርክ ግን ለውጥ የሚባል ነገር አይድረስብኝ ያለ ሰው አልነበረም። አሜሪካኖች በእንግሊዝ መንግሥት ላይ ያነሡትን አቤቱታ ፓርላማ ውስጥ ቆሞ ደግፏል። የተቃወመው የነበረውን ሁሉ ንዶ ከባዶ መጀመርን ነው።

እኛ ዘንድ ደግሞ ከባዶ መጀመር ራሱ ወግ ሆኗል። እስቲ አብረን እንቁጠር። ከ1923 እስከ 1987 ዓ.ም. ባሉት 64 ዓመታት አራት ሕገ መንግሥት አይተናል፤ የ1923ቱን፣ የ1948ቱን፣ የ1979ኙንና የ1987ቱን። ከአራቱ አንዱ ብቻ፣ የ1948ቱ፣ ራሱን «የተሻሻለ» ብሎ የቀደመውን አባት አደረገ። የቀሩት ያለ አባት የተወለዱ ናቸው። የብር ኖቱን በ1969፣ በ1990 እና በ2013 ዓ.ም. ቀይረናል። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሆነ፤ ተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤት እንጦጦ ተባለ፤ መስቀል አደባባይ አብዮት አደባባይ ተብሎ፣ ደርግ ሲወድቅ ተመልሶ መስቀል አደባባይ ሆነ። የሌኒን ሐውልት በዘመኑ ቆመ፣ በግንቦት 1983 ዓ.ም. በገመድ ተጎትቶ ወረደ። ስንወጣም ስንወርድም ገመዱ አንድ ነው።

ታዲያ በዚህ መሐል እንደ እኔ ያለ ሰው ስሙ ይለዋወጣል እንጂ ሰውየው አይለወጥም። በደርግ ዘመን እንዲህ የሚያስብ ሰው «አድኃሪ» ነበር። በኢሕአዴግ ዘመን «የድሮ ሥርዓት ናፋቂ» ተባለ። ዛሬ ደግሞ ስለ አንድ አሮጌ ቤት አፌን በከፈትኩ ቁጥር «ፀረ ልማት» የሚለኝ አላጣም። እኔ ያው ነኝ፤ ቡናዬንም ሦስት ሲኒ ነው የምጠጣው።

በነገራችን ላይ፣ የዚህች ከተማ ቁጥር አንድ ወግ አጥባቂ ማን እንደሆነ ታውቃላችሁ? የታክሲ ረዳት ነው፤ በእኛ ዘመን አጠራር ወያላው። መንግሥት አደባባዩን የፈለገውን ስም ይስጠው፣ እሱ የሚጣራው ሰው የሚያውቀውን ነው። የድሬዳዋው ባቡር ጣቢያውን ከከተማው መሐል አንሥቶ ከዳር ከወሰደው ስንት ዓመቱ! እሱ ግን ዛሬም «ለገሃር! ለገሃር!» ይላል፤ ቃሏ ከፈረንሣዮቹ «ላ ጋር» የመጣች መሆኗ ጉዳዩ አይደለም። ካዛንቺስም እንዲሁ ነው። ጣልያን ለመንግሥት ሠራተኞቹ ቤት ይሠራበት የነበረ ድርጅት ስም ምሕጻር ናት። ድርጅቱን ያቋቋመውን መንግሥት በ1933 ዓ.ም. አባረርን፣ የድርጅቱን ስም ግን ከ80 ዓመት በላይ በፍቅር ያዝን።

እዚህ ላይ እኔም ራሴን ልውቀስ። በ2016 ዓ.ም. ፒያሳ ሲፈርስ ካለቀሱት አንዱ ነኝ። «የአባቶቻችን ፒያሳ!» ብዬም ጽፌያለሁ። በኋላ ቁጭ ብዬ ሳስበው፣ የአባቶቻችን ስም ኮ አራዳ ነበር። ገበያውን ከአራዳ አንሥቶ መርካቶ የወሰደው፣ አራዳን ፒያሳ ያሰኘው ያው ጣልያን ነው። ወራሪ የሰየመውን ስም ተሸክሜ ስለ አባቶች ውርስ ማልቀሴ ለካ እኔም የማጠብቀውን ወግ አላጣራሁም ነበር።

*

ስለ ስም ይህን ያህል ከቀለድኩ ይበቃል። ስለ ቤት ግን መቀለድ ያቅተኛል።

አባቴ ፒያሳ አካባቢ ካለው ቤታችን ጓሮ በኩል ሁለት ክፍል የጭቃ ቤት ሠርቶ ያከራይ ነበር። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ ሲታወጅ ሁለቱ ክፍሎች «ትርፍ» ሆኑና ተወረሱ። ኪራያቸው ከ100 ብር በታች ስለነበረ ለቀበሌ ደረሱ። አባቴ አንድ ቀን ሙሉ ምንም ሳይናገር አጥሩን ሲጠግን ዋለ። በማግሥቱም ሲጠግን ዋለ። እኔ ገና ልጅ ነበርኩ፤ «ትርፍ» የሚለውን ቃል ዛሬም ስሰማ የመዶሻው ድምፅ ነው የሚመጣብኝ።

ከሁለቱ ክፍሎች በአንዱ ውስጥ ተከራይተው የነበሩ አንዲት ሴት ነበሩ፤ እትዬ ነው የምንላቸው። ከአዋጁ በኋላ የአባቴ ተከራይ መሆናቸው ቀረና የቀበሌ ተከራይ ሆኑ። እናቴ ለትንሽ ጊዜ አኮረፈቻቸው። ምን ያድርጉ? አዋጁን አላወጁት! ደግነቱ ኩርፊያው ብዙ አልቆየም፤ ምክንያቱም ውኃው አንድ ቧንቧ ነው፣ ግቢው አንድ ግቢ ነው፣ እድሩም አንድ እድር ነው። አባቴ ያረፈ ለታ ከሁሉ ቀድመው የደረሱት እትዬ ነበሩ።

ያ ክፍል ግን እየተጎዳ ሄደ። ኪራዩ በዚያው በጥንቱ ዋጋ ቆመ። ቀበሌው በዚያች ኪራይ ሊጠግነው አይችልም፤ እትዬ ጣሪያውን በራሳቸው ገንዘብ ልቀይር ቢሉ ፈቃድ፣ ፈቃዱን ቢጠይቁ ቀጠሮ። አባቴ በሕይወት እያለ ክረምት በመጣ ቁጥር ከእኛ በኩል ባለው ግድግዳ ላይ ጭቃ በድብቅ ይመርግላቸው ነበር። የተወረሰ ንብረቱን በድብቅ የሚጠግን ሰው! የአባቴን ወግ አጥባቂነት የትኛው ፓርቲ እንደሚመዘግበው አላውቅም።

የመሐል ከተማ አሮጌ ሰፈሮች ታሪክ በአጭሩ ይኸው ነው። መጀመሪያ ቤቱን ባለቤት አሳጣነው። ቀጥሎ ሃምሳ ዓመት ሳይጠገን ተውነው። በመጨረሻ «ባለቤት የሌለው ያረጀ ቤት ነው» ብለን አፈረስነው። አንዱ አብዮት የፈጠረውን ችግር ሌላው በዶዘር ፈታው።

ወግ አጥባቂ ነን ባዮችም ንጹሕ አይደለንም። ሰፈሩ ሲፈርስ የእንጨት በረንዳውንና የጌጥ መስኮቱን ፎቶ እያነሣን ተላቀስን። ለመሆኑ ለስንት ቤት አንድ መጸዳጃ እንደነበረ፣ እትዬ በሰባ ዓመታቸው ሌሊት በዝናብ ጃንጥላ ይዘው ወዴት ይወጡ እንደነበረ ማናችን ጻፍን? ውበቱ ለእኛ፣ ሽታው ለእሳቸው ነበር። የኮሪደር ልማት የሚባለው በ2016 ዓ.ም. ሲጀመር በእውነት እግረኛ የሚሄድበት መንገድ፣ መብራት፣ የሕዝብ መጸዳጃ ይዞ መጣ። ማታ ማታ በዚያ መንገድ እንደምንሸራሸርበት ልካድ? አልክድም። እግሬ ይመሰክርብኛል።

ቅሬታዬ ሌላ ነው። ለዘመናት የተገነባ ጉርብትና ተነሡ ሲባል የተሰጠው ጊዜ በሳምንት የሚቆጠር ነበር። ቤታችን ተለካ፣ ዛፋችን ተቆጠረ፣ አጥራችን ተመዘገበ። አንድ ወጣት ባለሙያ መዝገቡን ይዞ «ሌላ ንብረት አለ?» ሲለኝ «እድር አለን» አልኩት። ትሑት ልጅ ነው፤ አልሣቀብኝም። «ጋሼ፣ እሱ ፎርሙ ላይ ቦታ የለውም» አለኝ።

*

እውነቱን ነው፤ ቦታ የለውም። ድንኳኑን፣ አግዳሚ ወንበሩን፣ ብረት ድስቱን ሊቆጥር ይችላል። አንድ ሰው ሲሞት 170 አባወራ ሳይጠራጠር ከእንቅልፉ የሚነሣበትን ነገር ግን በምን ይለካዋል?

ሰፈሩ ሲበተን እድርተኛው ቦሌ አራብሳ፣ የካ አባዶ፣ ኮዬ ፈጬ ደረሰ። እኔ ምትክ ቦታ እስክሠራበት ልጄ ቤት ተጠጋሁ። በጥቂት ወራት ውስጥ ስብሰባ ተጠራ። አጀንዳው አንድ ነበር፤ እድሩን አፍርሰን ገንዘቡን እንካፈል ወይስ አንካፈል? ባንክ ያለን 408,000 ብር ለ170 ሲደርስ ለአንድ ሰው 2,400 ብር ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ 2,400 ብር ምን እንደሚገዛ እናንተም ታውቁታላችሁ። የሃምሳ ዓመት ጉርብትና ዋጋ እሱ ሆነ።

እኔ የእድሩ ጸሐፊ ነኝ፤ መፍረሱን ተቃወምኩ። ጥሩ። አንዱ የአባል ልጅ ተነሥቶ «እንግዲያው ቴሌግራም ላይ ግሩፕ እንክፈት፣ መዋጮውም በቴሌብር ይግባ» ሲል ግን ያንንም ተቃወምኩ። «እድር በመዝገብ ነው፤ በስልክ እድር አይሆንም። መዋጮ የሚከፈለው ሰው ተገናኝቶ፣ ተጠያይቆ፣ ፊት ለፊት ነው» ብዬ በሚገባ ተናገርኩ። ተጨበጨበልኝም። ልጁ አንገቱን ደፍቶ ተቀመጠ። ከዚያ በኋላ በነበሩት ሦስት ወራት መዋጮ ሊከፍል ፊት ለፊት የመጣ ሰው ቁጥር ስንት መሰላችሁ? አሥራ አንድ።

ነገሩን የለወጡት እትዬ ናቸው። ጥር 2017 ዓ.ም. ሌሊት ቦሌ አራብሳ አራተኛ ፎቅ ላይ አረፉ። የኖሩበት ብሎክ ሰው ክፉ ሆኖ አይደለም፣ ግን ገና ስማቸውን አያውቅም ነበር። ለ170 ሰው በሌሊት ማን ይንገር? እኔ መዝገቡን አቅፌ ስልክ መደወል ጀመርኩ፤ ግማሹ ቁጥር ተቀይሯል። ጥሩምባ ነፊያችን እንኳ የካ አባዶ ነው ያለው፤ ከዚያ ቢነፋ ማን ይሰማዋል?

ያ አንገቱን ያስደፋሁት ልጅ ለካ ግሩፑን በዝምታ ከፍቶት ኖሯል። ለማስፈቀድ ያልመጣው እኔን ፈርቶ ነው። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ጥሩምባ ነፊያችን ቤት ደውሎ ሽማግሌውን ቀሰቀሳቸው። እሳቸውም ጥሩምባቸውን አውርደው፣ የልጅ ልጃቸው ስልክ እንደያዘላቸው፣ ሰፈር ውስጥ እንደሚያደርጉት አድርገው ነፉት፤ የሟችን ስም ጠሩ፣ የቀብሩን ሰዓት ተናገሩ። የድምፅ መልእክቱ ግሩፑ ላይ ወጣ። እኔ ዘንድ የደረሰኝ በልጄ ስልክ ነው። ከመኝታ ክፍሏ ውስጥ ያ ጥሩምባ ሲጮኽ እንደ ልጅነቴ ደንግጬ ተነሣሁ።

ረፋድ ላይ ድንኳኑ ከአራብሳው ብሎክ ሥር ተተክሎ ነበር። ሴቶቹ ሽንኩርት ይከትፋሉ። ከመቶ በላይ ሰው መጥቷል። የብሎኩ ነዋሪዎች ከየፎቁ ብቅ ብለው ሲያዩ ቆዩና አንዲት ወጣት ሴት ወርዳ «ምን ላግዝ?» አለች። ምሣ ላይ አምስት ሆነዋል። ለሰልስቱ «እኛስ በዚህ እድር መግባት እንችላለን ወይ?» የሚል ጥያቄ ቀረበ። መዝገቤን ከፍቼ አዲስ ገጽ ጀመርኩ። መዋጮው በቴሌብር ነው የገባው።

*

እንግዲህ ከዚህ ምን ተማርኩ? መጀመሪያ የተማርኩት የሚያሳፍር ነው። ያን ሁሉ ጊዜ እኔ ሳጠብቅ የነበረው መዝገቡን ነበር፤ እድሩን ያጠበቀው ልጁ ነው። ከሁለታችን ወግ አጥባቂው እሱ ነው። ለወጉ ሲል መሣሪያውን ለወጠ። እኔ ለመሣሪያው ስል ወጉን ልቀብረው ነበር። አጨብጫቢም ነበረኝ።

ሁለተኛው ለሹማምንቶቻችን ነው፤ ካነበቡት። ለውጥ አታምጡ አልልም፣ ብልም አትሰሙኝም። አባቴ ግድግዳ ሲጠግን መጀመሪያ በመዳፉ መታ መታ አድርጎ የትኛው ጭቃ እንደላላ፣ የትኛው ምሰሶ ገና ጠንካራ እንደሆነ ይሰማ ነበር። ከዚያ የላላውን ብቻ አንሥቶ ይመርጋል። የእኛ መንግሥታት፣ የሦስቱም ዘመን፣ መታ መታ ማድረግ አልሆነላቸውም። ደርግ የአባቴን ክፍል ሲወርስ እትዬን የሚጠቅም መስሎት ነበር፤ ጣሪያ ያለ ባለቤት አስቀረላቸው። ኋላ የመጣው ጣሪያ ሲሰጣቸው ጎረቤት አሳጣቸው። ሁለቱም ለእትዬ ብለው ነው ያደረጉት። ሁለቱም እትዬን አልጠየቋቸውም።

እነሆ ትንሽ ሐሳብ፤ ያ ትሑት ወጣት የያዘው ፎርም ላይ አንዲት መስመር ይጨመርልን። «በዚህ ሰፈር ሰው ሲሞት ጥሩምባ የሚነፋው ማነው? የሚሰሙትስ እነማን ናቸው?» ትበል። መልሱን የሚያውቅ መሥሪያ ቤት ሰዎቹን ሲያነሣ ቢያንስ አንድ ብሎክ ላይ አብረው ለማስፈር ይሞክራል። ካዝናን ብዙ የሚጎዳ ነገር አይመስለኝም።

የልጄን ነገር ልጨርስ። የፊታችን እሑድ ቡና ስታፈላ ቁም ነገር ላዋያት አስቤያለሁ። የእትዬ ነገር ብዙ አስተምሮኛልና ሦስተኛውን ሲኒ ልተውላት ተዘጋጅቻለሁ። ካስፈለገም ስልኳን እያየች ትጠጣ። ቶናው ላይ ግን ድርድር የለም።

ቸር ይግጠመን።